የጥበባት ክፍለ ጊዜ የት ይገባል? ስለ ጎንደር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት

በጎንደር ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር የአምስተኛ ክፍል ልጅ ካለዎት የሳምንቱን ፕሮግራም የገለበጠበትን ገጽ ያስከፍቱት። ከሒሳብ፣ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ጋር «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚል ያገኛሉ። ቀጥለው የዚሁን ትምህርት ደብተር እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ደብተር ከሌለው፣ ወይም ኖሮት ከኅዳር ወዲህ ምንም ካልተጻፈበት፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው።

«በትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ ይሰጥ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ትምህርቱ ጨርሶ እንደሌለ ተደርጎ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ትምህርቱ በሥርዓተ ትምህርቱ አለ፤ በፕሮግራም ላይ ይጻፋል፤ በካርድም ላይ ውጤት ይሞላለታል። የሚጠፋው ከወረቀቱ እስከ ክፍሉ ባለው መንገድ ላይ ነው። የት እንደሚጠፋ ያላወቀ ወላጅ ደግሞ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ክወናና ዕይታ ጥበባት ምንድን ነው?

ክወና የሚባለው ሰው ፊት ቀርቦ የሚሠራው ነው፦ ዘፈኑ፣ የሙዚቃ መሣሪያው፣ ውዝዋዜው፣ ድራማው። ዕይታ የሚባለው ደግሞ ተሠርቶ የሚታየው ነው፦ ሥዕሉ፣ ቅርጻ ቅርጹ፣ የጭቃና የወረቀት ሥራው። ሁለቱ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የተጠቃለሉት በ2013 ዓ.ም. በወጣው የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ሲሆን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል እንዲሰጡ ተደርጓል።

ከዚያ በፊት፣ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን፣ የታችኞቹ ክፍሎች «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚባል ትምህርት ነበራቸው። ሥዕሉም ሙዚቃውም ከስፖርት ጋር ተዳብሎ ስለነበር ልጆቹን ሜዳ አውጥቶ ኳስ ማቀበል ለክፍለ ጊዜው በቂ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ከዚያም ቀድመው የተማሩ ወላጆች «እጅ ሥራ» የሚባለውን ያስታውሳሉ። ስለዚህ የዛሬው አደረጃጀት ቢያንስ በወረቀት ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ጥበባት ራሱን የቻለ ስም፣ ክፍለ ጊዜና ውጤት አግኝቷል።

በሥርዓተ ትምህርቱ ካለ ለምን አይሰጥም?

«የሥዕል ትምህርት ይቅር» ብሎ የወሰነ ባለሥልጣን የለም። ትምህርቱ የሚቀረው ማንም ክፉ ሳያስብ በሚወሰኑ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። የዚህ ቁጥር ድንጋጤ እስከ ታችኛው ክፍል ወረደ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ እንግሊዝኛና ስለ ሳይንስ ውጤት ይጠይቃል፤ ወላጅም በስብሰባ የሚያነሣው እሱኑ ነው። በዚያ ፈተና ላይ የሥዕልም የዜማም ጥያቄ የለም። ርዕሰ መምህሩ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ሰዓት ሲያፈላልግ ዓይኑ የት ላይ እንደሚያርፍ መገመት አያስቸግርም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የሒሳብን ክፍለ ጊዜ ለሥዕል ልውሰድ የሚል መምህር የሒሳቡ መምህር ይቆጣዋል፣ ወላጅም ይጮኽበታል። የጥበባት ክፍለ ጊዜ ሲወሰድ ግን የሚቆጣ የለም።

ላለፉት ዓመታት ደግሞ ሌላ ጫና ተደርቦበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ክፍት የሆኑትም ቢሆኑ ቀን ሲባክንባቸው ማካካሻ መስጠት ግድ ይሆንባቸዋል። ማካካሻ ሲመጣ ቀድሞ ከፕሮግራሙ የሚወጣው ጥበባት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናገርና፣ ተኩስ እየሰማ ለከረመ ልጅ መጀመሪያ የሚቀነስበት ነገር የሚዘፍንበትና የሚሥልበት ሰዓት መሆኑ ደግሞ ደጋግሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት መምህራን «ሎድ ማሟያ» የሚሉት ነገር ነው። እያንዳንዱ መምህር በሳምንት ሊያስተምር የሚገባው የክፍለ ጊዜ መጠን አለ። የአማርኛ ወይም የኅብረተሰብ መምህር ክፍለ ጊዜው ሲጎድልበት ጥበባት ይደረብለታል። ሰውየው ጎበዝ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ግን ሙዚቃ አልሠለጠነም። የመምህሩ መምሪያ «ቅኝቶችን ለይተው እንዲያዜሙ ያድርጉ» ቢለው ትዝታን ከባቲ በድምፁ ለይቶ ማሰማት አይችልም። ምን ያደርጋል? ሰሌዳው ላይ «ሙዚቃ ማለት…» ብሎ ትርጉም ይጽፋል፣ ልጆቹም ይገለብጣሉ። በፈተናው «አራቱን የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅኝቶች ዘርዝሩ» ተብለው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለው ይጽፋሉ፤ አንዱንም ግን በጆሯቸው አያውቁትም። እኔን ከተዘለለው ክፍለ ጊዜ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የተዘለለው ቢያንስ እንደተዘለለ ይታወቃል፤ በማስታወሻ የተሞላው ግን «ተምረዋል» ተብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው ማርክ ነው። ትምህርቱ በካርድ ላይ ስላለ ሮስተር በሚባለው የክፍሉ የውጤት መዝገብ ላይ ባዶ መተው አይቻልም። ያልተማረ ክፍል ማርክ የሚያገኘው እንዴት ነው? በጨዋነት፣ በደብተር አያያዝ፣ አንዳንዴም ለሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር በመስጠት። ወላጅም 90 ሲያይ ደስ ይለዋል፣ አማካዩንም ከፍ ያደርግለታልና አይጠይቅም።

ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይገባዋል የሚባለው እውነት ነው?

ለጥበብ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ይህንን ነው፤ ባያነሡት ግን ይሻላቸው ነበር። ወሬው በዓለም የተሠራጨው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ አንድ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው በልጆች ላይ ሳይሆን በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነበር። የሞዛርትን ሙዚቃ ጥቂት ደቂቃ ሰምተው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ሲሰጣቸው የተሻለ ውጤት አመጡ፤ የቆየውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ሙዚቃ አእምሮ ያጎለብታል» የሚል ንግድ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ግምገማ ደግሞ በልጆች ላይ የተደረጉ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ በጥንቃቄ በተሠሩት ጥናቶች ላይ ሙዚቃ መማር የሒሳብም የሌላ ትምህርትም ውጤት ከፍ እንዳደረገ የሚያሳይ ነገር አላገኘም።

ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው በሌላ በኩል ነው። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ ጥናት 42 ትምህርት ቤቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ይዟል። ተጨማሪ የጥበብ ትምህርት የሚያገኙት ትምህርት ቤቶች የተመረጡት በዕጣ በመሆኑ ንጽጽሩ አያዳላም። ትምህርቱን ባገኙት ዘንድ በዲሲፕሊን ጥፋት የሚመዘገቡ ልጆች በ3.6 የመቶኛ ነጥብ ቀነሱ፤ የድርሰት ውጤታቸው በመጠኑ ተሻሻለ፤ ለሌላ ሰው የመቆርቆር ስሜታቸውም ጨመረ። በሒሳብና በንባብ ፈተና ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም፤ ግን አልወረደምም።

ይህ «አልወረደም» የምትለው ቃል በጎንደር ላሉ ርዕሳነ መምህራን ዋጋ አላት። ጥበባት የሚወሰድበት ምክንያት ሰዓቱን ከዋናው ትምህርት ይሻማል የሚል ፍርሃት ነው። ጥናቱ የተሠራው ከእኛ በጣም በተለየ አገር ስለሆነ እዚህም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መማል አይቻልም፤ ይሁንና ሥዕል የሣለ ልጅ ሒሳቡ ይበላሻል የሚለው ፍርሃት ማስረጃ እንደሌለው ያሳያል።

ጎንደር ላይ ጉዳዩ በምን ይለያል?

አብዛኛው ከተማ የጥበብ መምህርና መሣሪያ ከሌላ ቦታ ማስመጣት አለበት። ጎንደር ግን አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ጀምሮ ራሷ የጥበብ ትምህርት ቤት ናት። አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ለመማር የሚፈልግ ደብተራ ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ጎንደር በአታ ይመጣል፤ እዚያ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚማረው ዜማና እንቅስቃሴ ዓመታት የሚፈጅ ነው። ወለቃ ላይ ሸክላ አለ። ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ናት። በሥዕል ታሪክ ደግሞ «የጎንደር አሣሣል» የሚባሉ ሁለት ዘመኖች አሉ፤ የመጀመሪያው በደማቅና በተነጠፈ ቀለም፣ በጠራ መስመር የሚታወቅ ሲሆን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ሁለተኛው ፊትና ልብስ ላይ ጥላ እያሳረፈ ሰውነቱን ጎላ አድርጎ ያሳያል።

ይህን ሁሉ አጠገቡ ያለው ልጅ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚሥለው ከመጽሐፍ የገለበጠውን አበባ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይ። መምህሯ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ፎቶ ይዛ ትገባለች፤ በስልክ ተነሥቶ ትልቅ ሆኖ የታተመ ይበቃል። «ሁለት ዓይን የሚታየው የማን የማን ነው?» ትላለች። ልጆቹ ይቆጥራሉ። «አንድ ዓይን ብቻ የሚታየውስ?» እዚህ ላይ ክፍሉ መንጫጫት ይጀምራል፤ በጎን የተሣሉት አሳዳጆቹ፣ ወታደሮቹና ሰይጣኑ ናቸውና። ደጎቹ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ በጎን፦ ይህ የድሮ ሠዓሊዎች ልማድ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ቀጥሎ ልጆቹ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጓደኛ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎን ይሥላሉ። አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ፈረሱም በጎን ነው የተሣለው፤ ፈረሱም ክፉ ነው?» ይላል። ትምህርቱ የተጀመረው አሁን ነው። የፈጀው አርባ ደቂቃ፣ አንድ ፎቶ፣ እርሳስና ወረቀት ነው።

በሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ዋሽንት ሸምበቆ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አላት። ጣት ሲነሣ ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ስለ ድምፅ በሳይንስ መጽሐፉ ያነበበው ልጅ እዚህ በጣቱ ያገኘዋል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነጻ መሆን የለበትም?

አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል።

ሁለቱ አይጣሉም። ልዩነቱ ስለ አንድ ሥዕል አሠራር በማስተማርና በሥዕሉ ፊት እንዲሰግዱ በማድረግ መካከል ያለው ነው። ከላይ ያየነው ትምህርት ስለ ዓይንና ስለ መስመር ነበር፤ ማንም እንዲያምን ወይም እንዲክድ አልተጠየቀም። ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ወገን ብቻ መታየት የለበትም። በአንዱ ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታየበት ክፍል በሌላው የመንዙማን ዜማና ምት ቢሰማ፣ የሙስሊሞች ሰፈር የሆነው የአዲስ ዓለም ልጅም የቤቱን ነገር በክፍል ውስጥ ያገኘዋል። የወለቃ ሸክላም ሲነሣ ሙያው ከቤተ እስራኤል ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን መናገር ይገባል።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?»

ይህ ጥያቄ በስብሰባ ጮክ ተብሎ ባይነሣም በብዙ ወላጅ ሆድ ውስጥ አለ። በአገራችን የእጅ ሙያ ሲናቅ የኖረ ነው፤ አንጥረኛው «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ፣ ሸክላ ሠሪዋም በቡዳነት እየተጠረጠረች። አዝማሪውንም ሠርጋችንን አድምቅልን እንለዋለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። እንዲህ ሲባል ያደገ ወላጅ ልጁ ማሲንቆ ይዞ ቢገባ መደንገጡ አይፈረድበትም።

መልሱ ግን አጭር ነው፤ የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ባለሙያ አያወጣም። ባለሙያ መሆን ለሚፈልገው ልጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አሉ። እነዚህ ተሰጥኦን በተግባር ፈትነው ነው የሚቀበሉት። ከፈተናው ቀን በፊት ክራር ነክቶ የማያውቅ፣ ሰውን አስቀምጦ ሥሎ የማያውቅ ልጅ በግል ከተማረው ጋር እኩል ሊወዳደር አይችልም። ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ የክረምት ኮርስ ይከፍላል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜ ሲታጠፍ በሩ የሚዘጋበት ሌላ አማራጭ የሌለው ልጅ ነው።

ብዙ ገንዘብ አይፈልግም?

ፒያኖ ከታሰበ አዎ። ወረዳም ሆነ ከተማ ለትምህርት ከሚመድበው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተማሪ ቁጥር የሚሰላው የትምህርት ቤት ድጎማና የውስጥ ገቢ ጠመኔውንም፣ ወረቀቱንም፣ የዴስክ ጥገናውንም መሸፈን አለበት። ከዚህ ላይ ከበሮና ክራር ግዙ ማለት ይቻላል፤ ግን ለመጀመር አስፈላጊ አይደለም። ከሰል ይሥላል፣ ጭቃ ይቀረጻል፣ እስክስታ ትከሻ እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። የሚያስፈልገው ዋናው ወጪ ሥልጠና ያለው መምህር ነው፤ እሱም ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ነው።

ታዲያ ማንን ልጠይቅ?

እንደ ጥያቄው ይለያል። ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው ጉዳዩን ያልያዘውን ሰው በመጠየቅ ነው። ማዕቀፉን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ መጻሕፍትን የሚያዘጋጀው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። ትምህርቱ እዚያ ስላለ «ይግባልን» ብሎ ወደ እነሱ ማመልከት ሰዓት ማባከን ነው። ቢሮው ሊጠየቅ የሚገባው የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሙዚቃና ሥዕል የሚያስተምሩ ምን ያህል መምህራን እንደሚያወጡ ነው። መምህር የሚመደበውና የሚዛወረው ደግሞ በከተማው ትምህርት መምሪያ በኩል ስለሆነ፣ አንድ የሠለጠነ መምህር በአንድ ጉድኝት (በተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ውስጥ ባሉ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረ እንዲያስተምር መጠየቅ ያለበት እዚያ ነው።

ፕሮግራሙን የሚያወጣውና ሎዱን የሚያከፋፍለው ግን ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ባዶ ለሆነው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያው ተጠያቂ ርዕሰ መምህሩ ሲሆን፣ ወላጅ ድምፁን የሚያሰማው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። እዚያ ሲቀርቡ «ጥበብ ይከበር» ከማለት «ጥበባትን ዘንድሮ የሚያስተምረው ማነው? በፈተና ሰሞን ክፍለ ጊዜው ይታጠፋል ወይስ ይቀጥላል? ልጆቹ የሠሩት ሥራ የት ይታያል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይሠራል። ለእነዚህ ጥያቄዎች «እናየዋለን» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሎድ የሚከፋፈለው ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው፤ ጥር ላይ የሄደ ወላጅ «ፕሮግራሙ ወጥቷል» ይባላል። በቃል የተባለ ነገር ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳልና ጥያቄው በኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ወደ መምሪያው የሚሄድ ማመልከቻ ከሆነም መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው፣ ቁጥርና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ።